ቨርቹዋል ማሽናችሁን ከላብ ይዛችሁ ውጡ፦ ኤክስፖርትና ኢምፖርት በአንድ መስመር ትዕዛዝ



ሴሚስተር ሲያልቅ የላብ ኮምፒውተሮች ፎርማት መደረጋቸው የተለመደ ነው። የኔትወርክ፣ የዳታቤዝ ወይም የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በላብ ኮምፒውተር ላይ፣ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚሠራ ተማሪ ደግሞ ብዙ ነው። ኮዱን ብቻ በፍላሽ መገልበጥ አይበቃም። ፓኬጅ ስትጭኑና ሰርቨር ስታስተካክሉ ያሳለፋችኋቸው ሳምንታት ያሉት ማሽኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ማሽን ከአንድ ኮምፒውተር አውጥቶ ሌላ ላይ ማስነሣትን እንማራለን።

የምንጠቀመው በነፃ የሚገኘውን የኦራክል ቨርቹዋልቦክስ ነው። ከእርሱ ጋር «ቪቦክስማኔጅ» የሚባል የትዕዛዝ መሣሪያ አብሮ ይጫናል። መስኮት ከፍቶ በማውስ መሥራትም ይቻላል፤ ትዕዛዙ ግን ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ በየሳምንቱ ሊደገም ይችላል፣ መስኮት በሌለው ሰርቨር ላይም ይሠራል።

ትዕዛዞቹን እዚህ ያስቀመጥናቸው በንባባቸው ነው። ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። «ቪቦክስማኔጅ» ያለ ክፍተት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው «ቪ» አንድ ፊደል ብቻ ነው። በዊንዶውስ ትዕዛዙ አልታወቀም ከተባላችሁ፣ በኮማንድ ፕሮምፕት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ኦራክል፣ ከዚያም ቨርቹዋልቦክስ ወደሚለው ፎልደር ግቡ።

1. ስሙን ማወቅ

ቪቦክስማኔጅ ሊስት ቪኤምስ

ይህ ያሏችሁን ማሽኖች በሙሉ ይዘረዝራል። ስሙን እንዳለ ውሰዱ፤ በመካከሉ ክፍተት ካለው በጥቅስ ውስጥ አስገቡት።

2. ማጥፋት

ማሽኑን ከውስጥ ሸት ዳውን አድርጉት። ሴቭ ስቴት አድርጎ መተው አይመከርም፤ በሜሞሪ ላይ የነበረው ነገር ከኤክስፖርቱ ጋር አይሄድምና።

3. ኤክስፖርት

ቪቦክስማኔጅ ኤክስፖርት "ፕሮጀክት" --አውትፑት ዲ:\ፕሮጀክት.ኦቪኤ --ማኒፌስት

የሚቀመጥበትን ቦታ ሙሉ አድራሻ ስጡት። ያለበለዚያ ፋይሉን ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ ሊጽፍ ይሞክራል፤ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ለመጻፍ ደግሞ የአድሚን ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚወጣው የኦቪኤ ፋይል አንድ ጥቅል ነው። በውስጡ የማሽኑ መግለጫ (ስንት ሲፒዩ፣ ስንት ሜሞሪ፣ ምን ዓይነት ኔትወርክ) እና የታመቀው ዲስክ አሉ። «ማኒፌስት» የሚለው የፋይሎቹን አሻራ የያዘ ዝርዝር ይጨምርበታል። ኢምፖርት ሲደረግ ቨርቹዋልቦክስ ፋይሎቹን ከዚህ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ ስለዚህ ሲገለበጥ የተበላሸ ፋይል ሳይታወቅ አያልፍም።

ከመገልበጣችሁ በፊት ፍላሹን እዩት። ፋት32 የተባለው አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው እንኳ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላችኋል። መፍትሔው ፍላሹን በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት በላዩ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ሌላ ፋይል ካለበት አስቀድማችሁ አውጡት።

4. ሳይጭኑ ማየት

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትጫኑት። መጀመሪያ፦

ቪቦክስማኔጅ ኢምፖርት ዲ:\ፕሮጀክት.ኦቪኤ --ድራይ-ረን

ይህ ምንም ሳይጭን ሊሠራ ያሰበውን ብቻ ያሳያችኋል፦ የማሽኑን ስም፣ የሲፒዩ ብዛት፣ ሜሞሪ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበትን ቦታ። ከየመስመሩ ሥር ያንን ለመቀየር የሚያስፈልገውን ትዕዛዝም ይነግራችኋል።

5. ኢምፖርት

ላብ ውስጥ ማሽኑ 4096 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው እንበል። የእናንተ ላፕቶፕ ያለው በጠቅላላው 4 ጊጋባይት ከሆነ ለማሽኑ ያን ሁሉ መስጠት አይቻልም። በግማሽ ቀንሱት፦

ቪቦክስማኔጅ ኢምፖርት ዲ:\ፕሮጀክት.ኦቪኤ --ቪሲስ 0 --ሜሞሪ 2048

«ቪሲስ» አራት ፊደል ነው፦ ቪ፣ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ። ዜሮው በጥቅሉ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ማሽን ማለት ነው።

አብረው የማይሄዱ ነገሮች

ስናፕሾቶች አይሄዱም። የሚወጣው ማሽኑ አሁን ያለበት ሁኔታ ብቻ ነው፤ ወደ ቀድሞው መመለሻ መንገድ አይኖራችሁም። ሼርድ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጣችኋቸው ፋይሎችም የሚገኙት በላብ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንጂ በማሽኑ ውስጥ ስላልሆነ ለብቻ ገልብጧቸው። የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻም በኢምፖርት ጊዜ አዲስ ይሰጠዋል፤ ፕሮጀክታችሁ በድሮው አድራሻ ላይ የተመሠረተ ከሆነ «--ኦፕሽንስ ኪፕኦልማክስ» የሚለውን ጨምሩ።

በተቃራኒው አብሮ የሚሄድ ግን የምንረሳው ነገር አለ፤ ፓስወርድ። የዳታቤዝ ፓስወርድ፣ በብራውዘር የተቀመጠ አካውንት፣ የግል ቁልፍ ሁሉ ዲስኩ ውስጥ አለ። ፋይሉን ለቡድን ጓደኛ ከመስጠታችሁ በፊት የግላችሁን አጽዱ፤ ፍላሹንም በየላቡ አትተዉት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ያዙ። ኤክስፖርቱ «ተሳክቷል» ስላለ ሥራው አላለቀም። ማሽኑ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተነሥቶ፣ ገብታችሁ፣ ፕሮጀክታችሁ ሲሠራ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ የላቡን አታጥፉ። ይህን ሙከራ የፕሮጀክት መከላከያ ቀን ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ አድርጉት፤ ችግር ቢገኝ የምታስተካክሉበት ጊዜ ይኖራችኋል ኢንሻአላህ። ላፕቶፕ የሌለው ጓደኛ ካላችሁም የእርሱን ማሽን አውጥታችሁ እናንተ ዘንድ አስቀምጡለት።