ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የሥራን ሂደት በጽሑፍ መግለጽ

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ምዕራፎች ሰውንና ቦታን እንዴት በጽሑፍ መግለጽ እንደሚቻል ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምትማሩት የአንድን ሥራ ሂደት ከመነሻው እስከ መድረሻው መግለጽን ነው። የሂደት ገለጻ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ወይም በጌራ የሚኖር ተማሪ ይህን ከቡና ሥራ ያውቀዋል። ቀይ ፍሬው ይለቀማል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ይፈለፈላል። ሳይደርቅ የተከመረ ቡና ግን ይሻግታል። ሁለተኛው የቃል ጥራት ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው አንባቢው ጸሐፊው ያላሰበውን ሊፈጽም ይችላል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት በደብተር ላይ ቢገኝ ማርክ ያስቀንሳል፤ በሕመምተኛ መዝገብ ላይ ቢገኝ ግን ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከነርስ ሥራ እንወስዳለን።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የነርስ ሥራ

ሕመምተኛን ማስታመም ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ሲሠራበት የኖረ ተግባር ነው። ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ብዙ ከደከሙት መካከል ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ቱርክ አገር፣ ስኩታሪ በሚገኘው ሆስፒታል ወታደሮችን አስታመመች። ከጦርነቱ በኋላም በቁስል ከሞቱት ይልቅ በበሽታ የሞቱት እጅግ እንደሚበልጡ በቁጥርና በሥዕል አስረዳች። ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ንጽሕናና ጸጥታ ለሕመምተኛ እንደ መድኃኒት ሁሉ አስፈላጊዎች መሆናቸውን አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1860 ደግሞ የነርሶች ትምህርት ቤት በለንደን ከተማ አቋቋመች።

ከእርሷ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት የነርስ ሥራ ምን እንደሆነ በየፊናቸው ገልጸዋል። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የሰውን መሠረታዊ ፍላጎቶች 14 አድርጋ ዘርዝራለች፤ መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት፣ መተኛት፣ ንጽሕናን መጠበቅና የመሳሰሉት ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በእርሷ አስተሳሰብ ነርስ ሰውን የምትረዳው ኃይል ወይም ፈቃድ ወይም ዕውቀት ቢኖረው ኖሮ ራሱ ሊያደርገው በሚችለው ነገር ነው። ግቡም ሰውየው በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲችል ነው። ዶሮቲያ ኦሬም የተባለችው ሌላዋ አሜሪካዊት ደግሞ ሕመምተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት እርዳታ እንደማይሹ አስረድታለች። አንዱ ሁሉ ነገር ሊደረግለት ይገባል፤ ሌላው በከፊል ይታገዛል፤ ሌላው ደግሞ የሚያስፈልገው ትምህርትና ማበረታቻ ብቻ ነው።

በአገራችን ለጤና ባለሙያዎች ትምህርት ከታወቁት ከተሞች አንዷ ጅማ ናት። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1975 ዓ.ም. ሲቋቋም ትምህርቱ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር እንዲቆራኝ ታቅዶ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከክፍልና ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ቀበሌዎችና ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱ ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

ነርሶች ሥራቸውን የሚያከናውኑበት ሂደት አምስት ደረጃዎች አሉት። እነርሱም መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መፈጸምና መገምገም ናቸው። ሂደቱን በምሳሌ እንመልከት። በቡና ለቀማ ወራት፣ በጥቅምት፣ አንድ ቡና ለቃሚ ትኩሳት ይዞት በቡና አገር ወዳለ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ወሩ የቡና መድረሻ ብቻ ሳይሆን፣ ከክረምት ዝናብ በኋላ ወባ የሚበረታበትም ጊዜ ነው።

ነርሷ አስቀድማ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ሰውየው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ «አከም ጅርቱ?» ብላ ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነም «ምን ይሰማዎታል?» ብላ በአክብሮት ትጠይቀዋለች። እርሱም ብርድ ብርድ እንደሚለው፣ ሁለት ጊዜ እንዳስታወከውና ብድግ ሲል እንደሚያዞረው ይነግራታል። ቀጥላ ትለካለች። የሰውነቱ ሙቀት 39.4 ዲግሪ ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ 112፣ ትንፋሹም በደቂቃ 24 ነው። በጤናማ ጎልማሳ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ የልብ ምቱ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሹም ከ12 እስከ 20 ስለሚሆን ሦስቱም መጨመራቸውን ትረዳለች።

የጤና መኮንኑ ደሙን አስመርምሮ በሽታው ወባ መሆኑን ያረጋግጣል፤ መድኃኒትም ያዝዛል። ነርሷ የምትለየው ችግር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በትውከትና በላብ ምክንያት የሰውየው የሰውነት ፈሳሽ እያነሰ ነው፤ ስለሚያዞረውም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ በትንሽ በትንሹ 2 ሊትር ፈሳሽ እንዲጠጣና ያለ ደጋፊ እንዳይነሣ ታቅዳለች። መድኃኒቱን ትሰጠዋለች፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ትበጠብጥለታለች፤ በላብ የራሰውን አንሶላ ትለውጥለታለች፤ ሲነሣም ትደግፈዋለች።

ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ውጤቱን ትገመግማለች። ሙቀቱ ወደ 38.1 ወርዷል፤ የጠጣው ፈሳሽ ግን 1 ሊትር ብቻ ነው። ዕቅዱ አልተሳካምና ነርሷ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሳ ምክንያቱን ትጠይቃለች። ጽዋውን የሚያነሣበት ኃይል አለው፤ ለመዳንም ፈቃዱ ነው። ነገር ግን ውሃ መጠጣት ትውከትን የሚያብስ መስሎታል። የጎደለው ዕውቀት ስለሆነ ነርሷ ታስረዳዋለች፤ እርሱም በየጥቂት ደቂቃው እየተጎነጨ ይጠጣል። የነርስ ሥራ ሂደት ጫፍ ያለው ገመድ ሳይሆን እንደ ቀለበት የሚዞር ነው።

ሐ. የሰዋስው ማብራሪያ

ነርሷ ሥራዋን ስትጨርስ መዝገቡን ለሌሊት ተረኛ ታስረክባለች። ተረኛው ያልነበረበትን ቀን የሚያየው በመዝገቡ ቃላት አማካይነት ነው። ስለዚህ ለሚከተሉት ሦስት ነጥቦች መጠንቀቅ ይገባል።

1. መጥበቅና መላላት። «አልጠጣም» የሚለው ቃል በሁለቱም ትርጉሙ «ጣ» ይጠብቃል፤ «እርሱ አልጠጣም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «እኔ አልጠጣም» የሚል የእምቢታ ቃልም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የሆነውን ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው ፈቃድን ይገልጻል። ሌሎች ቃላት በመጥበቅና በመላላት ቢለዩም ይህ በጽሑፋችን ስለማይታይ፣ እንዲህ ባሉ ቃላት ሁሉ ባለቤቱንና ምክንያቱን መጨመር ያስፈልጋል። «ሕመምተኛው ትውከት የሚያብስ መስሎት ውሃውን ሳይጠጣ ቀረ» ብንል ሌላ ትርጉም ሊሰጠው የሚችል አንባቢ የለም።

2. «በ» እና «በየ»። «መድኃኒቱ በ6 ሰዓት ይሰጥ» እና «መድኃኒቱ በየ6 ሰዓቱ ይሰጥ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች በመልክ ይቀራረባሉ። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ስጥ ይላል፤ ሁለተኛው በቀንና በሌሊት አራት ጊዜ ስጥ ይላል። ከዚህም በላይ «በ6 ሰዓት» ሲባል የቀኑ ይሁን የሌሊቱ፣ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር አይታወቅም። ስለዚህ «ቀን በ6 ሰዓት» ወይም «ሌሊት በ6 ሰዓት» ብሎ መለየት፣ አቆጣጠሩንም መግለጽ ግዴታ ነው።

3. ያዩትንና የገመቱትን መለየት። «ሕመምተኛው ተሻለው» ግምት ነው፤ «ሙቀቱ ከ39.4 ወደ 38.1 ወረደ» ግን የታየ ነገር ነው። እንደዚሁም «መድኃኒት ተሰጠ» የሚለው ተደራጊ ግሥ ሰጪውን ይሰውራል። ሰጪው፣ መጠኑና ሰዓቱ ካልተጻፉ ተረኛው መድኃኒቱን በድጋሚ ሊሰጥ ይችላል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱ አምስት ቃላት ወይም ሐረጎች አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «አልበላም» እና «አልሰማም» የሚሉትን ቃላት በሚጠብቁበትና በሚላሉበት ትርጉማቸው በዓረፍተ ነገር አሳዩ። አንባቢ እንዳይሳሳት እያንዳንዱን አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉ።
3. «ትናንት መርፌ ተወጋ፤ ዛሬ ደኅና ነው» የሚለውን መዝገብ የጎደለውን ሁሉ ከአእምሯችሁ አሟልታችሁ ጻፉ። ግምት የሆነው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለዩ።
4. አንድ ሕመምተኛ ምግብ ሳይበላ ቢውል ምክንያቱ የኃይል፣ የፈቃድ ወይም የዕውቀት ማነስ ሊሆን ይችላል። ለሦስቱም አንዳንድ ምሳሌ ስጡ፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን እርዳታም ግለጹ።
5. ድርሰት። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው ጠይቃችሁ የሠራውን ሥራ በሦስት አንቀጽ ግለጹ። በመጀመሪያው ያየውን፣ በሁለተኛው ያደረገውን፣ በሦስተኛው ውጤቱን ጻፉ። የሕመምተኛውን ስም አትጥቀሱ፤ የሰውን ሕመም ምስጢር መጠበቅ ከነርስ ግዴታዎች አንዱ ነውና። ስትጨርሱ ድርሰታችሁን ለጓደኛችሁ ስጡት። አንብቦ ሳይጠይቃችሁ ሥራውን በቅደም ተከተል ሊነግራችሁ ከቻለ ድርሰቱ ግልጽ ነው፤ ካልቻለ የተደናገረበትን ቦታ አስምሩና እንደገና ጻፉት።