በስልክ ስለሚመጣ ክፉ ወሬና ስለ አእምሮ ዕረፍት

ሰው ጤናውን የሚያጣው በተበከለ ውሃና ባልበሰለ ምግብ ብቻ አይደለም። በዓይኑና በጆሮው የሚገባውም ነገር ልክና ጊዜ ያጣ እንደ ሆነ ሰውነቱን ያውካል። በዚህ ወር ትምህርታችን በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚመጣው ወሬ በአዋቂ ሰው ላይ ስለሚያሳድረው ጭንቀትና ይህንኑ ጭንቀት ስለ ማቃለል እንናገራለን። ስልክ በልጆች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ወላጆቻቸውና ስለ አስተማሪዎቻቸው ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

ስሙን ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ባገኘው በጉለሌው ዊንጌት ሰፈር፣ ማለዳ ታክሲ ለመጠበቅ የተሰለፈውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው አብዛኛውን አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲያይ ያገኘዋል። ገና ቁርሱን ሳይቀምስ የጦርነትና የአደጋ ወሬ ጠግቦ ከታክሲው ይገባል። አስተማሪ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በዚያው ሰዓት የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቡድን ሌላ ትእዛዝ ያመጣለታል። እንዲህ ያለው ሰው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ በትንሽ ነገር ተማሪ ቢቆጣ ሊያስደንቀን አይገባም።

ክፉ ወሬ በሰማን ጊዜ ከኩላሊቶቻችን በላይ የሚገኙ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሆድም ሥራውን ያዘገያል። ይህ ለጥቅማችን የተሰጠ ነው፤ ጅብ የመጣበት ሰው ወይ መሮጥ ወይ ዱላ ማንሣት አለበትና። ነገር ግን በአልጋው ላይ ተጋድሞ የሩቅ አገር እሳት የሚመለከት ሰው የሚሮጥበትም የሚመታውም የለውም። የተወጠረው ሰውነት ሳይላላ ሌላ ወሬ ይደረብበታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሐሳብ መበተንና ቁጡነት ይከተላሉ።

ነገሩ በጥናትም ታይቷል። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በማራቶን ሩጫ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞተው ነበር። በተከተለው ሳምንት ስለ አደጋው በየቀኑ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ በልዩ ልዩ መገናኛ የተከታተሉ ሰዎች፣ በሥፍራው ከነበሩት ይልቅ ብርቱ የጭንቀት ምልክት ማሳየታቸውን ተመራማሪዎች ገልጸዋል። በእርግጥ የተጨነቀ ሰው ወሬ አብዝቶ ይፈልጋልና፣ ጭንቀቱን የወለደው መመልከቱ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። አንዱ ሌላውን የሚመግብ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ከውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ መማር አያስፈልገንም። አባቶቻችን ክፉ ወሬ እንደ ስለታም ዕቃ በጥንቃቄ የሚያዝ መሆኑን ያውቁ ነበር። የመርዶን ሥርዓት ልብ ብለን እንመልከት። ዘመድ የሞተበት ሰው በመንገድ ላይ ወይም በመኝታው ሰዓት እንዲሁ አይነገረውም። አስቀድሞ ዘመድና ጎረቤት በምሥጢር ይመክራሉ፤ ማን እንደሚናገር ይመረጣል፤ ባለመርዶው ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ትሆን እንደ ሆነ ይታሰባል። ሌሊቱን ተኝቶ እንዲያድር ይተዉታል፤ ወደ ሥራው ሳይወጣ በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። የሚገቡትም ብዙ ሆነው ነው፤ ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ፣ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ አለው። ድንኳኑን ዕድሩ ይተክላል፤ ቡናውን ጎረቤት ያፈላል። ለትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜም ወገኖቻችን የዕረፍት ቀን ጠብቀው፣ ተሰብስበው ወደ ባለመርዶው ቤት ሲሄዱ አይተናል። የአገሩ ሰዎች ግን ማዘግየቱ ማታለል መስሏቸው ይደነቁ ነበር፤ ለማስረዳትም ብዙ ደክመናል።

እንግዲህ መርዶ ሰዓት አለው፤ የሚያቀርበው ሰው አለው፤ ለሰሚውም የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል፤ ያለቅሳል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ይቀበላል። ስልኩ ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። የእናቱን ሞት ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ፣ እምብዛም የማያውቀው ሰው ከለጠፈው የነፍስ ይማር ጽሑፍ የተረዳ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንባቢው ያስበው። የማናውቃቸው ሰዎች ሞትም በየሰዓቱ ሲመጣ፣ ለቀስተኛ የሌለበት መርዶ ይሆንብናል።

ኮሮና በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ብዙዎቻችን የጤና ሚኒስቴርን የዕለት ቁጥር ስንጠባበቅ እንውል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ወር ወሬውን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከታመነ ምንጭ ብቻ መከታተል እንደሚበቃ መክሯል። ምክሩ ለኮሮና ብቻ የሚሠራ አይደለም።

አንዳንዶች መድኃኒቱ ፈጽሞ መዝጋት ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡ ጊዜ ብዙ ሰው በቪፒኤን ይገባ ነበር እንጂ አልተወውም። ከጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም ጀምሮም በጦርነቱ ምክንያት ከትግራይ ጋር የስልክ መስመር በተቋረጠባቸው ወራት፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ብዙዎች የወላጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ቆይተዋል። ወሬ ማጣትም ያስጨንቃል። ስለዚህ ስልኩን ጣሉ አንልም፤ ሥርዓት አስይዙት እንላለን።

ወሬ የሚታይበትን ሰዓት እንወስን፤ አንዱ ከቁርስ በኋላ፣ ሁለተኛው ከራት በፊት ቢሆን ይበጃል። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። የማንቂያ ደወሌ እርሱ ነው የሚል ሰው አነስተኛ የሚደውል ሰዓት ይግዛ። ዘመድ በሌሊት ቢፈልገኝስ የሚል ሥጋት ተገቢ ነው፤ በአገራችን በሌሊት የሚደውል ሰው ያለ ምክንያት አይደውልምና። ስለዚህ ዳታውን ብቻ አጥፍቶ ጥሪውን እንደ ተከፈተ መተው ይቻላል። ርእሳነ መምህራንና አስተማሪዎችም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በቡድኑ ምንም እንዳይጻፍ፣ አስቸኳይ ጉዳይም በስልክ ጥሪ እንዲነገር ቢስማሙ ወጪ የለበትም።

ሬሳና ደም የሚታይበትን ምስል አንክፈት፤ ለሌላም አናስተላልፍ። መረዳት የሚያስፈልገን እንደ ሆነ ጽሑፉ ይበቃል። ክፉ ወሬ ባየን ጊዜም ማድረግ የምንችለውን እንጠይቅ፤ ለዘመድ መደወል ወይም መዋጮ ማውጣት የሚቻል እንደ ሆነ ያንኑ ፈጽመን ስልኩን እንዝጋ። የሚደረግ ነገር ከሌለ ከዊንጌት እስከ ጳውሎስ በእግር መሄድ የተወጠረውን ሰውነት ያላላል። ዕድሮችም የቅርብ ዘመድ መርዶውን ሳይረዳ የሟቹ ስምና ፎቶግራፍ በኢንተርኔት እንዳይለጠፍ በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢጨምሩ ትልቅ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት የቆየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ግን በዚያኑ ዕለት፣ ብቻውን ሳይሆን፣ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ታማሚው ስንት ሌሊት እንዳልተኛና በቀን ስንት ሰዓት በስልኩ ላይ እንደሚቆይ ጽፎ ቢመጣ የሐኪሙን ሥራ ያቀልላል፤ ሰዓቱን ብዙዎቹ ስልኮች ራሳቸው ቆጥረው በማስተካከያው ክፍል ያስቀምጡታል።