ውሃና ከተማ

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ከጥቂት ቀን በላይ አይቈይም። ስለዚህ ሰዎች በአንድ ስፍራ ሊሰፍሩ ሲያስቡ አስቀድመው ውሃ ይፈልጋሉ።

የጥንት ሮማውያን ሕዝባቸው በበዛ ጊዜ የወንዙና የጕድጓዱ ውሃ አልበቃቸውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የመጀመሪያውን የውሃ መንገድ ሠሩ፤ በኋላም ቍጥሩ 11 ደረሰ። ውሃው ከሩቅ ምንጭ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ቍልቍል እየወረደ፥ ሸለቆውንም በድንጋይ ቅስት ላይ እየተሻገረ ወደ ከተማ ይገባ ነበር። ዳሩ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ537 ዓ.ም. ጎት የሚባሉ ጠላቶች ሮማን ከበው የውሃውን መንገዶች ቈረጡ። ከዚያም በኋላ በኰረብታው ላይ የነበረው ሰፈር እየተፈታ ሄደ፤ የቀረውም ሕዝብ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ።

በኢትዮጵያም አንዲት ከተማ ስለ ውሃ ብዙ ተቸግራለች። ይህች ከተማ በስምጥ ሸለቆ ያለችው አዳማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ አዳማ በመንገዱ ላይ ጣቢያ ሆነች። በጣቢያውም ዙሪያ ነጋዴና ሠራተኛ ሰፈረ።

ነገር ግን በዚያ አገር ከመሬት በታች ያለው ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ይህም በዓይን አይታይም። በአዳማ አጠገብ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ ብዙ ሠራተኞች ከነቤተ ሰባቸው የጕድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። በዚያ ያደጉት ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ብዙ ዘመን ከጠጡትም ሰዎች ያንዳንዶቹ ወገብና አንገት አልታጠፍ አለ።

ዛሬ ለአዳማ ሕዝብ የአዋሽ ወንዝ ውሃ ተጣርቶ በቧንቧ ይመጣለታል። በዚሁ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተሠራው የቆቃ ግድብ ውሃውን ያጠራቅማል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም ይሰጣል። ነገር ግን ክረምት በመጣ ቍጥር ከደጋው እርሻ የታጠበው አፈር ወደ ሐይቁ ይገባል። አፈር የሞላውን ስፍራ ውሃ ሊሞላው አይችልም።

ልጆች ሆይ፥ ገበሬ በማሳው ላይ እርከን ቢሠራ አፈሩን ለልጁ ያስቀራል፤ አይቶት ለማያውቀው ለአዳማ ሰውም ውሃውን ይጠብቅለታል። እንግዲህ ከላይ የሚያርስ ከታች የሚጠጣውን ያስብ።

ጥያቄ

1. ሮማውያን ውሃን ከሩቅ እንዴት አመጡ?
2. በወንጂ የልጆች ጥርስ ስለ ምን ቡናማ ሆነ?
3. የደጋ ገበሬ ለአዳማ ሰው ምን ሊያደርግለት ይችላል?