ኢንዛይም በደም ውስጥ ስንት ሰዓት ይሠራል?

መድኃኒት ሁሉ በብልቃጡ ላይ የተጻፈለትን ኃይል በታማሚው ደም ውስጥ ይዞ ይቆያል ማለት አይደለም። በተለይ መድኃኒቱ ኢንዛይም ሲሆን መጠኑን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። አስፓራጂኔዝ የተባለውን ኢንዛይም በምሳሌነት እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ኪድ የጊኒ ፒግ ሴረም በአይጦች ላይ አንዳንድ የሊምፍ ካንሰሮችን እንደሚገታ አስታወቁ። ምክንያቱ አስፓራጂኔዝ መሆኑ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። የአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሕዋሳት በአብዛኛው አስፓራጂን የተባለውን አሚኖ አሲድ በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችሉ ከደም ይወስዳሉ። ኢንዛይሙ ይህንኑ አሚኖ አሲድ ወደ አስፓርቲክ አሲድና አሞኒያ በመለወጥ ምግባቸውን ያሳጣቸዋል።

ጽናቱ እንዴት ይፈተናል? ኢንዛይሙ ከሰው ፕላዝማ ጋር ተቀላቅሎ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። በየተወሰነ ሰዓት ናሙና እየተወሰደ አስፓራጂን ይጨመርበታል። የሚወጣው አሞኒያ ኔስለር ከሚባለው ኬሚካል ጋር ቢጫ ቀለም ስለሚሰጥ፣ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ እንለካለን። ፕላዝማ የራሱ አሞኒያ ስላለው ኢንዛይም ያልገባበት ናሙናም አብሮ መለካት አለበት። እዚህ ላይ የምንለካው የፕሮቲኑን መኖር ሳይሆን መሥራቱን መሆኑን ልብ ይሏል። ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ኬሚካልም ሊያሳስት ይችላል፤ ኢዲቲኤ ካልሲየምና ዚንክን ስለሚይዝ፣ በእነዚህ የሚሠሩ ፕሮቲን ሰባሪዎችን ያዳክማል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ከእውነተኛው የበለጠ ጽኑ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የኃይሉ አወራረድ እኛ በፊዚክስ የምናውቀውን የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች መበስበስ ይመስላል። ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የሚገኘው አስፓራጂኔዝ በታማሚ ደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ 30 ሰዓት ገደማ ነው። በሚሊ ሊትር ከ1 ዩኒት ቢነሣ፣ ከ30 ሰዓት በኋላ 0.5፣ ከ60 ሰዓት በኋላ 0.25 ይሆናል። ሐኪሞች ዝቅተኛ ወሰን አድርገው ወደሚይዙት 0.1 የሚወርደው በ100 ሰዓት አካባቢ ነው። ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተያያዘበት ዓይነት ግን ግማሽ ዕድሜው ከ5 ቀን ስለሚበልጥ፣ እዚያው ለመድረስ ከ16 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ይሁን እንጂ የመስታወት ቱቦ ሰውነት አይደለም። በቱቦው ውስጥ ፕሮቲኑን ከደም የሚያነሡ የጉበትና የጣፊያ ሕዋሳት የሉም። አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ሽፍታም ሆነ ሌላ ምልክት ሳያሳዩ ኢንዛይሙን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ያበጃሉ። መርፌው በሰዓቱ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ግን አይሠራም። ስለሆነም የላቦራቶሪው ስሌት መነሻ እንጂ ዋስትና አይሆንም፤ ሕፃኑ ሕክምናውን በእርግጥ ማግኘቱ የሚታወቀው ከራሱ ደም ተወስዶ ሲለካ ነው።