ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም፦ በ«አር» ቋንቋ የቀናት አጻጻፍ

አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ካሉ ጤና ጣቢያዎች የሕፃናት ክትባት መረጃ ሰበሰበ እንበል። መዝገቡ የተሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ 15-02-2011 ማለት ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ይህ መረጃ «አር» ለተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ሲሰጥ ግን ቋንቋው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2011 ብሎ ያነበዋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

አርን የጀመሩት በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው። ዕትም 1.0.0 የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000፣ ማለትም የካቲት 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር፤ ስለ ቀናት ለሚያጠና ሰው የሚጥም አጋጣሚ ነው።

ቋንቋው ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 (ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.) ሲሆን ይህ ቀን ዜሮ ነው። «አስ ዴት» የተባለው ትእዛዝ ጽሑፍን ወደዚህ ቁጥር ይለውጣል፤ «ፎርማት» ደግሞ ቁጥሩን መልሶ በምንፈልገው መልክ ይጽፋል። ቅደም ተከተሉን የምንገልጸው ዲ (ቀን)፣ ኤም (ወር) እና ዋይ (ዓመት) የተባሉትን የላቲን ፊደላት ከመቶኛ ምልክት ቀጥሎ በማስቀመጥ ነው። ትልቁ ዋይ አራት አኃዝ፣ ትንሹ ሁለት አኃዝ ይጠብቃል። በትንሹ ዋይ 60 ተብሎ የተጻፈ ዓመት 2060 ይሆናል።

ጥቅምት 30 እና የጳጉሜን ቀናት ሲያጋጥሙት ፕሮግራሙ «ኤን ኤ»፣ ማለትም ዋጋ የለም ብሎ ይመልሳል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን፣ ዓመቱም 13ኛ ወር የላቸውምና። እነዚህ ስሕተቶች ራሳቸውን ስለሚያሳዩ ብዙም አያሰጉም። የሚያሰጋው የማይታየው ነው።

«ሁለቱም ቀኖች እኩል ስለሚዛቡ ልዩነታቸው አይለወጥም» የሚል ይኖራል። እስቲ እንመርምረው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የፔንታቫለንት ክትባት መካከል ቢያንስ 28 ቀናት ሊያልፉ ይገባል። ጥቅምት 15 የተከተበ ሕፃን ኅዳር 13 ቢመለስ በትክክል 28 ቀን ሞልቶታል። ፕሮግራሙ ግን ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ማርች 13 ቆጥሮ 26 ይላል፤ በአግባቡ የተከተበው ሕፃን ያለጊዜው እንደተከተበ ይመዘገባል። በአንጻሩ ጥር 15 ተከትቦ የካቲት 12 የተመለሰው 27 ቀን ብቻ ሆኖት ሳለ፣ ከሜይ 15 እስከ ጁን 12 ተብሎ 28 ይቆጠርለታል። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ሲሆን የእነርሱ ከ28 እስከ 31 ይደርሳል፤ መዛባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ ነጥሎ ቁጥሩን ራስን ማስላት ነው፦

ቁጥር = 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን − 716763

ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው ይጣላል። ለመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ብናሰላ 730000 + 500 + 30 + 1 − 716763 = 13768 ይሆናል። ይህን ቁጥር ለ«አስ ዴት» ብንሰጠው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይለናል፤ ትክክል ነው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ያለ ችግር ትገባለች።

ቀመሩ ግን የተሳሳተ ቀን አይመልስም፤ ጳጉሜን 9 ቢሰጠው ዝም ብሎ ወደ መስከረም ያሻግረዋል። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ቀኑ ከ30፣ በጳጉሜን ደግሞ ከ5 አለመብለጡን መፈተሽ ያሻል። ጳጉሜን 6 የሚፈቀደው በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ብቻ ነው።