መክሊታችንን የት አኖርነው?



በየቁምስናችን አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። ሕፃናትን የሚያስተምር፣ በቅዳሴ ጊዜ መልእክታትን የሚያነብ ወይም ሕሙማንን የሚጎበኝ ሰው ሲፈለግ፣ «እኔ ምን እውቀት አለኝና! የተማሩት ይሥሩት» የሚለው መልስ ይበዛል። በሌላ በኩል ደግሞ አንድን አገልግሎት ለዓመታት ይዞ ለማንም ሳያካፍል፣ ከእጁ እንዳይወጣ የሚጠነቀቅ ሰው አይታጣም። እነዚህ ሁለት ሰዎች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሁለቱም ስሕተት ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ሁለቱም የእግዚአብሔርን ስጦታ የራሳቸው ንብረት አድርገው ይቆጥሩታል። አንዱ ጥቂት ነው ብሎ ያፍርበታል፤ ሌላው ብዙ ነው ብሎ ይሰስትበታል። በዚህ ትምህርታችን ጌታችን ስለ መክሊት የተናገረውን ምሳሌ (ማቴ. 25፥14-30) መሠረት አድርገን ስጦታ ስለሚያድግበት መንገድ አብረን እንመለከታለን።

፩. የአንዱ መክሊት ክብደት

ምሳሌውን ስናነብ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ የተናቀ መስሎ ይታየናል። አምስትና ሁለት ለተሰጣቸው ወገኖቹ ብዙ ተሰጥቶ ለእርሱ ፍርፋሪ የደረሰው እንመስለዋለን። ይሁንና መክሊት በዚያ ዘመን ትንሽ ሳንቲም አልነበረም። ከባድ የብር ሚዛን ሲሆን ዋጋውም ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነበር። አንድ ዲናር ደግሞ በወይን አትክልት ሥፍራ ለሚሠራ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ እንደ ነበረ ከዚሁ ወንጌል እንረዳለን (ማቴ. 20፥2)። እንግዲህ አንድ መክሊት የሃያ ዓመት ያህል የድካም ዋጋ ነው። ከሁሉ ያነሰ የተቀበለው እንኳ በዕድሜው ሙሉ ሠርቶ ሊያጠራቅመው የማይችለውን በአንድ ቀን በአደራ ተረከበ።

ስለዚህ «ለእኔ ያልተሰጠኝ» የሚል ክርስቲያን ሊኖር አይችልም። የታመመን ሰው በትዕግሥት ማዳመጥ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ ሕፃናትን ሰብስቦ መዝሙር ማስጠናት፣ የቤተ ክርስቲያንን ሒሳብ በታማኝነት መያዝ፣ ይህ ሁሉ መክሊት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብር፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነበር። የእጅ ሙያም ከመንፈስ ቅዱስ እንደሚሰጥ ከዚህ እንማራለን።

፪. ስለ ምን ቀበረው?

ሦስተኛው አገልጋይ አልሰረቀም፤ የጌታውን ገንዘብም በከንቱ አላጠፋም። አባቶቻችን ገንዘባቸውን በእንስራ አድርገው መሬት ውስጥ ይቀብሩ እንደ ነበር፣ እርሱም ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። የተሰጠውንም ሳያጎድል መለሰ። ታዲያ በደሉ ምን ላይ ነው?

መልሱን ከራሱ አንደበት እናገኘዋለን። ጌታው ጨካኝ ሰው እንደ ሆነ ማሰቡንና መፍራቱን ተናገረ። ስጦታውን ተቀበለ፤ ሰጪውን ግን አላመነውም። ወድቄ ብገኝስ፣ ሰዎች ቢስቁብኝስ፣ ብሳሳት ማን ይምረኛል የሚል ፍርሃት እጁን አሰረው። ብዙዎቻችን ትሕትና ብለን የምንጠራው ነገር ሲመረመር ይህ ፍርሃት ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ትሕትና «ምንም የለኝም» አይልም፤ «ያለኝ ሁሉ የተሰጠኝ ነው» ይላል እንጂ።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው። ሽልማታቸውም ዕረፍት ብቻ አልነበረም፤ በጥቂቱ ስለ ታመኑ በብዙ ላይ ተሾሙ። በእግዚአብሔር ዘንድ ሹመት የበለጠ አገልግሎት ነው። በሰዎች ዘንድ ተሰሚነት ማግኘትን የሚመኝ ሁሉ በመጀመሪያ ይህን ይወቅ።

፫. ሁለት አባቶች፣ ሁለት ስጦታዎች

ይህ ትምህርት በገዛ ምድራችን እንዴት ፍሬ እንዳፈራ ለማየት፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚለውን ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስንና ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን እናስታውስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቡነ ያዕቆብ በኢጣልያ ተወልዶ በላዛሪስት ማኅበር ካህን ከሆነ በኋላ በ1839 ዓድዋ ደረሰ። የአገሩን ቋንቋም ሆነ ልማድ አያውቅም ነበር። ስለዚህ አስተማሪ ከመሆኑ በፊት ተማሪ ሆነ፤ የሕዝቡን ቋንቋ አጠና፤ ኑሮውንም እንደ ሕዝቡ አደረገ። ትልቁ መክሊቱ ሰውን በፍቅርና በየዋህነት መቅረብ ነበር።

አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ የጎጃም ተወላጅ፣ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ በገዳማት ብዙ መጻሕፍትን የመረመረ ሊቅ መነኩሴ ነበር። መክሊቱ እውነትን ሳይታክት መፈለግ ነበር። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ በላኩት መልእክት ሁለቱ አብረው ተጓዙ፤ ጉዞውም እስከ ሮምና እስከ ኢየሩሳሌም ደረሰ። መነኩሴው በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በ1851ም ቅስናን ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ የአንዱ ስጦታ የሌላውን ጉድለት ሞላ። አቡነ ያዕቆብ የማያውቀውን የአገሩን ትምህርትና ቋንቋ አባ ገብረ ሚካኤል ያውቀው ነበር። ለሕዝቡ የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በጋራ አዘጋጁ፤ ወጣቶችንም ለክህነት አስተማሩ። ጳጳስ የሆነው አቡነ ያዕቆብ ከአገሩ ሊቅ እገዛ መቀበልን እንደ ውርደት አልቆጠረውም፤ ሊቁም ዘመኑን ሁሉ ያከማቸውን እውቀት ለብቻው አልያዘውም። አባ ገብረ ሚካኤል ስለ እምነቱ ታስሮ፣ በሰንሰለት እንዳለ በ1855 ዓረፈ፤ በ1926ም ብፁዕ ተባለ። አቡነ ያዕቆብ በ1860 ዐርፎ በሄቦ ተቀበረ፤ ቅድስናውም በ1975 ታወጀ። በሕይወታቸው ሳሉ ሁለቱም ስደትንና እስራትን እንጂ ዝናን አላተረፉም። ሆኖም እነርሱ ባስተማሯቸው ካህናትና ምእመናን በኩል የሥራቸው ፍሬ እስከ እኛ ደርሷል።

፬. ስጦታ በመካፈል ያድጋል

ቅዱስ ጳውሎስ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው የመንፈስ ስጦታ ለሁሉ ጥቅም እንደ ሆነ ያስተምራል (1ቆሮ. 12፥7)። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ አገልግሎት ባወጣው ድንጋጌ፣ ማንኛውም ምእመን ጸጋውን በሥራ ላይ የማዋል መብትም ግዴታም እንዳለው፣ ይህንም ከእረኞቹ ጋር በኅብረት እንዲፈጽም አስተምሯል።

በአንድ ቁምስና ያየነውን እንናገር። አንድ ትጉህ መምህር ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት በፍቅር አስተማረ። ረዳት ግን አላፈራም፤ «እኔ እያለሁ ምን ቸገራችሁ» ይል ነበር። በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ትምህርቱ በዚያው ሳምንት ቆመ። ሕፃናቱ ለጥቂት እሑዶች መጥተው በሩ ተዘግቶ ባገኙት ጊዜ መምጣታቸውን ተዉ። ይህ መምህር መክሊቱን በመሬት አልቀበረውም፤ በራሱ ውስጥ ግን ቀበረው። ሙሴ እንዲህ አላደረገም። ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ውስጥ ትንቢት ሲናገሩ ኢያሱ ቀንቶ እንዲከለክላቸው ቢጠይቀው፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ እንደሚወድ መለሰለት (ዘኍ. 11፥26-29)። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂላችንም ይህንኑ ያስተምረናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን በጸሎት መክሊታችንን እንወቅ፤ ራሳችንን ለማየት ቢያስቸግረን የሚያውቁንን ሰዎች እንጠይቅ። ቀጥሎም ታላቅ ዕድል ሳንጠብቅ ቁምስናችን ዛሬ በሚያስፈልገው ትንሽ ሥራ እንጀምር። በመጨረሻም እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ተተኪ ከጎናችን እናስቀምጥ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. በቁምስናችን ተቀብሮ የቀረ መክሊት የትኛው ነው? የቀበረውስ ፍርሃት ነው ወይስ የእኛ ቸልተኝነት?
2. እኔ ነገ ብሄድ አገልግሎቴን የሚቀጥል ማን ነው?
3. እንደ አቡነ ያዕቆብ፣ ከማን ለመማር ራሴን ዝቅ ላድርግ?

ጌታ ሆይ፣ በእጃችን ያኖርከው የአንተ ነው። ፍርሃታችንን አርቅልን፤ ስስታችንንም አስወግድልን። በመጣህ ጊዜ ባዶ ጉድጓድ ሳይሆን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ይዘን እንድንቀበልህ እርዳን። አሜን።