የነፍሳት ጋሻ

ድሮሶፊላ የምትባለው ትንሽ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በበሰበሰ ፍሬ ላይ ነው። ትሏም የምታድገው ባክቴሪያና ሻጋታ በሚርመሰመስበት ስፍራ ነው። ታዲያ ስለ ምን በበሽታ አታልቅም? እኛ ሰዎች ያለፈውን ጀርም ለይቶ የሚያውቅ አንቲቦዲ በደማችን አለን፤ ነፍሳት ግን ይህ የላቸውም። ያላቸው አብሯቸው የተፈጠረ ጋሻ ብቻ ነው። ይኸውም በሦስት ይከፈላል።

1ኛ/ ቅርፊት። የነፍሳት ገላ ካይቲን ባለበት ጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኗል። ቅርፊቱ ሲበሳ ደሙ ይረጋል፤ ቁስሉም ሜላኒን በሚባል ጥቁር ቀለም ይደፈናል።

2ኛ/ ሴሎች። በደማቸው ውስጥ የሚዘዋወሩ ሴሎች ባክቴሪያን ይውጣሉ። ለመዋጥ የማይቻል ጠላት፤ ለምሳሌ የጥገኛ ተርብ እንቁላል፤ ሲገባ ግን ብዙ ሆነው ይከቡትና ደራርበው ያፍኑታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

3ኛ/ ጀርም ገዳይ ፕሮቲን። ስዊድናዊው ሊቅ ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ከአንድ የእሳት ራት ደም ውስጥ ሴክሮፒን የተባለውን ባክቴሪያ ገዳይ ለይተው አስታወቁ። ዝንብም ይህን የመሰሉ አጫጭር ፕሮቲኖችን በሰዓታት ውስጥ ታመርታለች።

ነገር ግን ጠላት መግባቱን ለአካሉ ማን ይነግረዋል? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ነው። ዡል ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው ቶል የሚባለው ጂን የተበላሸባቸውን ዝንቦች በሻጋታ በከሏቸው። ዝንቦቹ ሻጋታ ገዳዩን ፕሮቲን እንደሚገባ ማምረት ስለተሳናቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቁ። ቶል ቀድሞ ይታወቅ የነበረው በእንቁላል ውስጥ የዝንቧን ሆድና ጀርባ በመለየት ሥራው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቻቸው የቶል ዘመድ የሆነ ጂን በአይጥ አካል ውስጥ የባክቴሪያን መርዝ እንደሚያስታውቅ አሳዩ። በእኛም ውስጥ ይኸው ጂን አለ። አንቲቦዲ እስኪዘጋጅ ቀናት ሲያልፉ ቀድሞ የሚደርስልን ይህን የመሰለው ዘበኛ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 ከራልፍ ስታይንማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

የወባ ትንኝም እንዲሁ የራሷ ጋሻ አላት፤ ወደ ሆዷ ከገባው የወባ ተሕዋስ አብዛኛውን ታጠፋዋለች። ሰውን የሚያሳምመው ከዚህ ያመለጠው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ የባዮሎጂ ተማሪ የሆንን ሁሉ፤ ነፍሳትን መግደያ ብቻ ሳይሆን እነርሱ ራሳቸው በሽታን የሚገድሉበትንም ዘዴ ብናጠና ይበጀናል።